የቆየ የጦር አውሮፕላን እንደገና እንዲበር ማድረግ ምን ይጠይቃል?

የፒያሳው፦ ሰላም ጓዶች። ትናንት ጊዮርጊስ ጋ ማኪያቶ ይዘን ፀሐይ ስለምትባለው አውሮፕላን ስናወራ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1935 እዚሁ አዲስ አበባ ተሠርታ በ2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ስለተመለሰችው። ከዚያ ወሬው ወደ ድሮው አየር ኃይል ሄደ። ከነዛ ሳብ 17 ከሚባሉት የስዊድን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች አንዱን እንኳ ማስነሳት አይቻልም? ፀሐይንስ ራሷን ማብረር? ሞተሩ ከተነሳ ምን ይቀረዋል?

የድሮ መካኒክ፦ ወንድሜ፣ ሞተሩ ቀላሉ ነው። የሚያስፈራው ክንፉን የተሸከመው ዋናው ዘንግ ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ሆኖ አይዝግም፣ ሁለት ሉህ በተደራረበበት ቦታ ውስጥ ለውስጥ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል፣ ከላይ ቀለሙ ያምራል። ስለዚህ ሉሆቹን የሚያያይዘውን ሚስማር፣ ሪቬቱን፣ አውልቀህ ሁሉንም ከፍተህ ማየት አለብህ። የነዳጅና የሃይድሮሊክ የጎማ ቱቦዎች ደግሞ ምንም ቢመስሉ ይጣላሉ። ስዊድን ውስጥ አንድ ሳብ 17 ታድሶ በሯል፣ ግን ዕቃውም ሰነዱም አገሩ ነበር። ሰነድ ከሌለህ አትጀምር።

ሰላም፦ ጋሼ ስለ ዝገቱ እውነትዎን ነው፣ አመሰግናለሁ። እኔ ግን ፀሐይን ማብረር የሚባለውን አልደግፍም። አንድ ብቻ ናት። ለማብረር ስትል ኦሪጅናል እንጨቷንና ሞተሯን ትቀይራለህ፣ ከወደቀች ደግሞ አለቀ። ለካናዳ የተመለሱትን የእኛን ሁለት ፋየርፍላይ የሚባሉ የጦር አውሮፕላኖች አስቡ፣ አስመራ ቆመው ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው የተወሰዱት። ባይጠበቁ ዛሬ ቆርቆሮ ነበሩ።

የፒያሳው፦ እሺ፣ ፀሐይ ትቀመጥ። በልኳ ሌላ ሠርተን ብናበርስ?

የድሮ መካኒክ፦ እሱን አግዛለሁ። መጀመሪያ ልኳን ውሰዱ።