ክርክር፦ «ጤናና ማኅበረሰብ» ጎንደር ላይ ራሱን የቻለ ዲግሪ ይሁን?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። በውጭ አገር ያሉ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሎጂን፣ ታሪክን፣ ኢኮኖሚክስንና ሶሲዮሎጂን አጣምረው ስለ ዓለም አቀፍ ጤና የሚያስተምሩበት የመጀመሪያ ዲግሪ አላቸው። ተመራቂው ሐኪም አይደለም። በሽታ በአንዱ ሰፈር ለምን እንደሚበዛ፣ መድኃኒት እያለ ሕመምተኛው ለምን እንደማይደርስበት ያጠናል። እንዲህ ያለ ዲግሪ እዚህ ይከፈት ወይስ ሐሳቡ ለጤና ተማሪዎች በኮርስ ይሰጥ? በአካባቢያችን ምሳሌ እንነጋገር።

ጤና መኮንን፦ አልደግፍም። ለጎንደር ነገሩ አዲስ አይደለም። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ጤና መኮንኑ፣ የኮሙኒቲ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው (ሳኒታሪያኑ) አብረው ሠልጥነው አብረው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርዱ ነበር የታሰበው። ዛሬ ቲቲፒ የምንለው የቡድን የመስክ ሥልጠና የእሱ ልጅ ነው፤ የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የላቦራቶሪ፣ የፋርማሲና የአካባቢ ጤና ተማሪው በአንድ ቡድን ወረዳ ይወርዳል፣ ቤት ለቤት መረጃ ይሰበስባል፣ ችግሮቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፣ መፍትሔ ሞክሮ ይለካል። የጎደለ ካለ እዚያ ላይ ይጨመር። ጤና ጣቢያ የሚቀጥረው በሥራ መደብ ነው፤ የሙያ ፈቃድ የሌለው ሰው ደግሞ በሽተኛ አይነካም። መደብ ሳይኖር ማስመረቅ ልጆቹን መበደል ነው።

የሶሲዮሎጂ መምህርት፦ ወንድሜ፣ የመደቡ ነገር እውነት ነው፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ካላዛርን እንይ፤ ረጅም ትኩሳት የሚያመጣና ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ ነው። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በመተማና በሁመራ ቆላ፣ በዋልካው አፈር ስንጥቅና በግራሩ ሥር ትኖራለች። ሰው ከደጋ የሚወርደው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ሌሊት የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ የሚተኛው ሜዳ ላይ ነው፣ አጎበር ቢሰጠውም የሚሰቅልበት ጣሪያ የለውም። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ ስለሚወጣ ትኩሳቱ የሚይዘው አገሩ ከገባ በኋላ፣ ደባርቅ ወይም ጋይንት ላይ ነው። እዚያ ትኩሳት ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባና ታይፎይድ ነው። ሊቦ ከምከምን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2005 ምንነቱ የታወቀው ወረርሽኝ ካላዛር በማይታወቅበት ወረዳ ስለተነሣ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተደርጎ ተወስዶ ነበር። ይህን ለመያዝ ጣፊያ መዳሰስ ብቻውን አይበቃም። ሠራተኛውን ማን ይመለምለዋል? የሚከፈለው በቀን ነው በኮንትራት? መጠለያ የማቆም ግዴታ የማን ነው?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ በዚህ ላይ አንድ ነገር። አርኬ 39 የሚባለው የካላዛር ፈጣን ምርመራ የሚያየው ፀረ እንግዳ አካሉን እንጂ ተሕዋሱን አይደለም። ሰውየው ከዳነ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ግርሻ በዚህ አይለይም፤ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና መውሰድ ግድ ይላል። በምሥራቅ አፍሪካ የመለየት አቅሙ ከሕንድ ያነሰ ስለሆነ ኔጌቲቭ ወጣ ተብሎም አይተውም። «ከዚህ በፊት ለካላዛር ታክመሃል?» የሚለው ጥያቄ ከመመርመሪያው ስትሪፕ መቅደም አለበት፤ በመላኪያ ወረቀቱ ላይ ያ ቦታ ባዶ ከመጣ ውጤቱን በትክክል መተርጎም አይቻልም።

ጤና መኮንን፦ እኔም ይህንኑ ነው የምለው። የጎደለው አራት ጥያቄ ነው። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት አልፎታል? ባለፈው ዓመት ቆላ ወርደህ ነበር? የት ነበር የምታድረው? ቀድሞ ታክመሃል? ይህ በካርዱ ላይ ይታተም፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በግማሽ ቀን ሥልጠና ይሰጥ። የአንድ አዲስ ዲፓርትመንት በጀት ብዙ ስትሪፕ ይገዛል።

የሶሲዮሎጂ መምህርት፦ አራቱ ጥያቄዎች ዛሬውኑ ይታተሙ። ከምርመራ በኋላስ? የተለመደው ሕክምና 17 ቀን ነው፤ በየቀኑ ሁለት መርፌ፣ ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን። ኤችአይቪ ያለበት ሰው አምቢሶም የሚባለውን መድኃኒት በደም ሥር 6 ጊዜ፣ ከእሱ ጋር የሚዋጠውን ሚልቴፎሲን ለ28 ቀን ይወስዳል፤ ያም ሆኖ ግርሻው ይበዛል። መድኃኒቱ በነጻ ቢሰጥ እንኳ አስታማሚው፣ ስንቁ፣ መኪናውና የቀረው የቀን ሥራ በነጻ አይደሉም። አጨዳ ደርሶ አልጋውን ትቶ የሄደን ሰው «ሕክምና አቋራጭ» ብሎ መዝግቦ መተው ስሕተት ነው፤ ምን ቢደረግለት ይቆይ እንደነበር የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል።

ቋንቋውም አለ። «ነቀርሳ» ለአንዱ የሳንባ በሽታ፣ ለሌላው ካንሰር ነው። «ልቤን» እያለ እጁን ጨጓራው ላይ የሚያሳርፍ ሰው አለ። «መጋኛ ነው፣ መርፌ አይስማማውም» የተባለ ሕመምተኛ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ከእንግሊዝኛ በቀጥታ የተገለበጠ መጠይቅ ይህን ሁሉ ያልፈዋል። አንዱ ይተረጉማል፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፣ ልዩነቱ ይታረማል፣ ከዚያ በገጠር ሰዎች ላይ ይሞከራል። ይህ በግማሽ ቀን ሥልጠና አይሸፈንም።

በምዕራብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በኢቦላ ጊዜ አስከሬን ከቤተሰብ ነጥቆ መቅበር ሰዉ ሬሳ እንዲደብቅ አድርጎ ነበር። ቤተሰብ ከርቀት ቆሞ እንዲጸልይና መቃብሩን እንዲያውቅ የሚፈቅድ አቀባበር ሲመጣ መተባበሩ ተሻሻለ። በዚያ ሥራ የሃይማኖት አባቶችና አንትሮፖሎጂስቶች ከሐኪሞች እኩል ተፈልገዋል።

ወላጅ፦ ትምህርቱ መልካም ይመስላል። የመውጫ ፈተናው ግን በምን ይሆናል፣ የጤና ነው የማኅበራዊ ሳይንስ? ይህ ሳይታወቅ ተማሪ መቀበል የለበትም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ ስለዚህ በሁለተኛ ዲግሪ ይጀመር፤ ግማሹ ተማሪ ከጤና፣ ግማሹ ከሶሲዮሎጂ፣ ከኢኮኖሚክስና ከሕግ ይምጣ። ሁሉም የቀድሞ ሙያው ስላለው የወላጁ ሥጋት ይቀንሳል። የመስክ ቦታም አለን፤ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዳባት ላይ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ይመዘግባል። እቤቱ ለሞተ ሰው ምክንያቱን ቤተሰብ ጠይቆ መለየት ይቻላል፤ መረጃ ሰብሳቢው ይጠይቃል፣ ሐኪም መጠይቁን አንብቦ ይወስናል። የሚበላሸው አጠያየቁ ላይ ነው። አርባው ሳይወጣ የሄደ ሰው ሐዘን ይቀሰቅሳል፣ መልስም አያገኝም። በጣም የዘገየ ደግሞ ሳሉ ትኩሳቱን ይቅደም ይከተል የሚያስታውስለት አያገኝም። ከሁሉ የሚብሰው አባወራው ተጠይቆ ያስታመመችው ሴት ስትታለፍ ነው፤ ስንት ቀን ምግብ እምቢ እንዳለው የምታውቀው እሷ ናት። የጤናው ተማሪ የሕመሙን ቅደም ተከተል፣ የሶሲዮሎጂው ተማሪ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል፤ ጥንድ ሆነው ይላኩ።

ጤና መኮንን፦ በሁለተኛ ዲግሪ ከሆነ አልሟገትም። አንድ ነገር ግን በካሪኩለሙ ይጻፍ፤ የጥናቱ ውጤት ከመመረቂያው በፊት ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ለቀበሌው ነዋሪ በአማርኛ ይቅረብ። ሰዉ ተጠይቆ ተጠይቆ ሰልችቶታል።

የሶሲዮሎጂ መምህርት፦ ይጻፍ፣ ከልቤ እደግፋለሁ። የመጀመሪያውን ዲግሪ ግን አልተውኩም። መደቡን ጤና ጣቢያ ውስጥ ብቻ ስለፈለግነው ነው ያጣነው። የሰሊጥ እርሻውን ባለቤት «ለሠራተኛህ መጠለያና አጎበር የሚሰቀልበት እንጨት አቁም» ማለት የሚገባው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ነው፤ የሠራተኛው ፍሰት ከየትኛው ወረዳ በየትኛው ወር እንደሚነሣ የሚያውቅ ሰውም እዚያ ነው የሚያስፈልገው። ከዩኒቨርሲቲው ሴኔት በፊት ከዚያ ቢሮ ጋር እንነጋገር፤ መደቡን አልፈጥርም ካለ እኔም ለጊዜው በሁለተኛ ዲግሪው እስማማለሁ።