ዳይክሎ ከኦሜፕራዞል ጋር ቢዋጥም አንጀት ይጎዳል?

የማራኪ ልጅ፦
ሰላም ጎንደሬዎች። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ዳይክሎፌናክ ትውጣለች፤ ጨጓራዋ እንዳይቆጣ ኦሜፕራዞልም አብራ ትወስዳለች። ትናንት የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ደውሎ «መድኃኒቱ አንጀትን እንዲያፈስ ያደርጋል፣ ብስኩት ውስጥ የሚጨምሩት ኬሚካልም እንደዚያው ነው፣ ሁሉንም አስቁሟት» ብሎ ቤቱን አሸበረው። እውነት ነው? መርፌው አይሻላትም?

ፋርማሲ ነኝ፦
ስለ ዳይክሎው ልክ ነው። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን አንድ ረድፍ ሴል ብቻ ነው፤ ሴሎቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ምግቡን ያሳልፋሉ፣ ባክቴሪያውን ያግዳሉ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን የሴሎቹን ኃይል ያዳክማሉ፣ ሽፋኑን የሚጠብቀውን ፕሮስታግላንዲንም ይቀንሳሉ፤ ያኔ ቁልፉ ይላላል። ኦሜፕራዞል የሚቀንሰው የጨጓራ አሲድን ነው። ትንሹን አንጀት አይጠብቅም። መርፌውም ማምለጫ አይደለም፣ መድኃኒቱ በደም ይዞራል፣ ጉበት ደግሞ ከሐሞት ጋር መልሶ አንጀት ውስጥ ያፈሰዋል። ለጉልበት ቅባቱ ይሻላል፣ ወደ ደም የሚገባው ትንሽ ነው።

አዘዞ፦
የብስኩቱስ ነገር? ልጆቼ ያለሱ አያድሩም።

ፋርማሲ ነኝ፦
እሱ ላይ ዘመድየው አጋኖታል። የሚወራው ዘይትና ውሃ እንዳይለያዩ ስለሚጨመሩት ነው፤ ማሸጊያው ላይ ኢ466 እና ኢ433 ተብለው ይጻፋሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አይጦች ላይ አንጀትን የሚሸፍነውን ንፍጥ እንደሚያሳሱ አሳይቷል። በ2022 ደግሞ ኢ466 ሰው ላይ ተሞከረ፤ በቀን 15 ግራም ለ11 ቀን ሲሰጥ የአንጀት ባክቴሪያው ተለወጠ። 15 ግራም ግን ከብስኩት የሚገኝ መጠን አይደለም። እኔ ብሆን ስለ ስኳሩ ነበር የምጨነቀው።

ቀበሌ 18፦
አባቴ ዳይክሎውን በአረቄ ነው የሚያወራርደው 😂 ሁለቱም መድኃኒት ናቸው ይላል።

ፋርማሲ ነኝ፦
ኧረ በማርያም! አልኮልም ያንኑ ሽፋን ያላላል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ የመድማት አደጋው ይብሳል። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።
የማራኪ ልጅ፣ እናትህ ግፊት አለባቸው?

የማራኪ ልጅ፦
አዎ፣ ኢናላፕሪል ትወስዳለች።

ፋርማሲ ነኝ፦
እንግዲያማ ከአንጀቱ በፊት የሚያሳስበኝ ኩላሊታቸው ነው። ዳይክሎ ግፊት ይጨምራል፣ ከኢናላፕሪል ጋር ሲሆን ደግሞ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሆነ ዳይክሎውን ያቁሙ፣ የግፊቱን ግን እንዳያቋርጡ። የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ሰብስበህ ሐኪማቸው ጋ ውሰዳቸው፣ የኩላሊት ምርመራም ጠይቅላቸው።