ጋላፊና ሞያሌ ላይ ሳይታወቅ ሮሚንግ ውስጥ መግባት፤ እንዴት ይከለከላል?

ገላን_ማዞሪያ

ሰላም ለዚህ ቤት። ገላን ሆኜ ሦስት ተሳቢ አሰማራለሁ፤ ሁለቱ በጋላፊ ጅቡቲ ይመላለሳሉ፣ አንዱ ሞያሌ ይወርዳል። ሾፌሮቹ ኬላ ሳያልፉ፣ ገና ወረፋ ላይ ቆመው ካርዳቸው ያልቃል። ሲመለሱም አገር ቤት ገብተው ስልኩ የውጭ ኔትወርክ እንደያዘ ይቆያል። ድንበር ሳይሻገሩ ሮሚንግ (በውጭ አገር ኔትወርክ የመጠቀም ሂሳብ) እንዴት ይቆጠርባቸዋል? እኔ ከዚህ ስደውልላቸውስ የሚከፍለው ማነው? ሲሙን አውጡት እንዳልላቸው የቴሌብር ኮድ የሚመጣው በእሱ ነው። ስልኮቹ ቴክኖና ሳምሰንግ ናቸው፣ አንዱ አይፎን፤ ሁሉም ባለ ሁለት ሲም።

የሰበታ_ልጅ

እህቴ ቀላል ነው፣ ዳታ ሮሚንግ የሚለውን ያጥፉት፣ ሲመለሱ ፍላይት ሞድ አስገብተው ያውጡት፣ አለቀ።

አንቴና_ሥር

ከላይ የተባለው ግማሹን ብቻ ነው የሚፈታው። ዳታ ሮሚንግ ማጥፋት ኢንተርኔቱን ይዘጋል እንጂ ጥሪንና መልእክትን አይነካም። ስልኩ የውጭ ኔትወርክ ላይ ከተመዘገበ ገቢ ጥሪ ሳይቀር ይቆጠራል።

መጀመሪያ ምክንያቱን ላስረዳ። ለስልኩ ድንበሩ ገመዱ የተዘረጋበት ቦታ አይደለም። አንድ የጂኤስኤም ታወር እስከ 35 ኪሎ ሜትር ድረስ ስልክ ማስተናገድ ይችላል፤ ጋላፊ አካባቢ እንዳለው ገላጣ ሜዳ ላይ ደግሞ ሲግናሉን የሚያግደው ነገር የለም። ስለዚህ የጎረቤት አገር ኔትወርክ እዚህ መሰማቱ የሚያስገርም አይደለም። ብዙ ሰው «የውጭው ስለሚበረታ ስልኩ ዘሎ ይይዘዋል» ይላል። እንደዚያ አይደለም። ስልክ የራሱ ኔትወርክ በደካማውም ቢሆን እስካለ ድረስ አይለቀውም። የሚሄደው የራሱን ጨርሶ ሲያጣ ነው፦ ታወሩ መብራት ሲጠፋበት፣ መንገዱ ገደል ሥር ሲገባ፣ ስልኩ ጋቢና ውስጥ ብረት ለብረት ተቀብሮ ሲቀመጥ። ለአንድ ደቂቃ ከጠፋ በቂ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ችግሩ የሚመጣው። አውቶማቲክ ላይ ያለ ስልክ ሮሚንግ ከገባ በኋላ በየጊዜው የተሻለ ኔትወርክ ቢፈልግም፣ የሚፈልገው አሁን ከያዘው ኔትወርክ ጋር አንድ አገር ያሉትን ነው። የጅቡቲን የያዘ ስልክ የኢትዮጵያውን አጠገቡ ቢመጣም አይፈልገውም፤ የጅቡቲው እስኪጠፋ ይጠብቃል። «አገር ቤት ገብቶ የውጭ እንደያዘ ይቆያል» ያልሽው ይሄ ነው። ፍላይት ሞድም ሁልጊዜ የማያድነው ለዚህ ነው፤ ብዙ ስልክ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሞክረው መጨረሻ የተመዘገበበትን ኔትወርክ ነው፣ እሱ ከተሰማው ተመልሶ ይገባበታል።

መድኃኒቱ ኔትወርኩን በእጅ መምረጥ ነው፤ የራሱ ኔትወርክ ደህና እያለ፣ ለጅቡቲው ሰመራ ላይ፣ ለሞያሌው ያቤሎ ላይ። ሴቲንግ ውስጥ ሲም ወይም ሞባይል ኔትወርክ ከሚለው ገብተው «ኔትወርክ ኦፕሬተር» የሚለውን ይክፈቱ፣ «በራስ ሰር ምረጥ» (አውቶማቲክ) የሚለውን ያጥፉ። ፍለጋው ሁለት ሦስት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ መሀል ላይ ተሰላችተው እንዳያቋርጡት። ከሚመጣው ዝርዝር የኢትዮ ቴሌኮምን ይምረጡ። አንዳንድ ቆየት ያሉ ስልኮች ላይ ስሙ «ኢቲኤች ኤምቲኤን» ወይም በቁጥር ብቻ 636 01 ተብሎ ይመጣል፣ ያው ነው። የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ 636 02 ነው። በ636 የሚጀምር ሁሉ ኢትዮጵያ፣ 638 ጅቡቲ፣ 639 ኬንያ። ለአይፎኑ ሴሉላር ውስጥ «ኔትወርክ ሰሌክሽን» የሚለው ጋ ገብተው አውቶማቲኩን ማጥፋት ነው። ባለ ሁለት ሲም ስለሆኑ ለእያንዳንዱ ሲም ለየብቻ መደረግ አለበት፤ አንዱን አስተካክሎ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው።

በእጅ ከተመረጠ በኋላ የራሱ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩ «አገልግሎት የለም» ይላል እንጂ ወደ ውጭው አይሄድም። ጉዳቱ ባትሪ ቶሎ መጨረሱ ነው፣ ያለማቋረጥ ስለሚፈልግ፤ ቻርጀር ላይ ይዋል። ሾፌሩ ጅቡቲ ገብቶ በዚያው ሲም ሮሚንግ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ወደ አውቶማቲክ መመለሱን አይርሳ፣ አለበለዚያ «ሲሜ ተበላሸ» ብሎ ይደውልልሻል፤ መደወያ ካገኘ።

ከዚሁ ጋር ሦስት ነገር ይታይ።

ዳታ በራሱ ከሲም ወደ ሲም የሚቀይረው ማብሪያ ይጥፋ። ሳምሰንግም አይፎንም ላይ አለ፣ አዳዲሶቹ አንድሮይዶች ላይም እንዲሁ። የአንዱ ሲም ኢንተርኔት ሲደክም ዳታውን ሳይጠይቅ ወደ ሌላው ያዞረዋል።

ኔትወርክ ሞዱ «4ጂ ብቻ» ተብሎ ከተቀመጠ 4ጂ/3ጂ/2ጂ ወደሚለው ይመለስ። ኢንተርኔት እንዲፈጥን ብለው የሚያደርጉት አሉ። ድንበር አካባቢ የአገር ቤቱ 2ጂ ብቻ በሆነበት ቦታ ስልኩ አላየውም ብሎ የውጭውን 4ጂ ይይዛል።

ጥሪ ማስተላለፊያ ካለ ይሰረዝ፦ ##002# ብሎ መደወል። ሮሚንግ ላይ ያለ ስልክ ሳይነሳ ሲቀር ጥሪው ወደ ሌላ ቁጥር ወይም ወደ ድምፅ መልእክት እንዲዞር ከተደረገ፣ ጥሪው አንዴ ወደ ውጭ ይወጣል፣ እንደገና ወደ አገር ቤት ይመለሳል፤ ሁለቱም ጉዞ በስልኩ ባለቤት ላይ ይቆጠራል። ማንም ሳያነሳው ካርድ የሚያልቀው እንዲህ ነው። *#62# ብለው ቢደውሉ ስልኩ በማይገኝበት ጊዜ ጥሪው ወዴት እንደሚዞር ያሳያል።

ሲም_በሲም

አንቴና በደንብ አስረድቷል። ስለ ክፍያው ልጨምር።

አንቺ ከገላን በ09 ቁጥሩ ስትደውዪ የምትከፍዪው እንደ ማንኛውም የአገር ውስጥ ጥሪ ነው። ከድንበር ወዲያ ያለውን ክፍል ግን ተቀባዩ ነው የሚከፍለው። «እኔ ደውዬለት የሱ ካርድ ለምን ያልቃል» የሚባለው በዚህ ነው። ደቂቃው ስለሚጠጋጋም አሥር ሰኮንድ አውርተሽ መዝጋት ብዙ አያተርፍም። በድህረ ክፍያ ያለ ቁጥር ከሆነ ደግሞ የሮሚንግ ሂሳብ ከአገር ወደ አገር በፋይል እየተላለፈ ስለሚመጣ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ቢሉ ንጹሕ ነው ብሎ መደሰት አያስፈልግም።

ጅቡቲ በብዛት ለሚቆይ ሾፌር የሚሻለው የዚያ አገር ሲም ነው። ያኔ +253 ብለሽ በ77 የሚጀምረውን ስምንት ዲጂት ስትደውዪ ዓለም አቀፍ ጥሪ ነው፣ ከፋይዋ አንቺ ነሽ፣ እሱ በነጻ ይቀበላል። ረጅም ወሬ ከሆነ በዚያ ሲም ዳታ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ መደወል ይረክሳል። የአገር ቤቱ ሲም ስልኩ ውስጥ ይቆይ፣ ዳታው ጠፍቶ። ለቴሌብር ኮድ ሲፈለግ ብቻ ወደ አውቶማቲክ ይመለስ፣ መልእክቱ ሲገባ እንደገና ይዘጋ። ይህ የሚሠራው ግን ሲሙ ላይ ሮሚንግ ከተከፈተ ነው። ተከፍቶ እንደሆነና ታሪፉ ስንት እንደሆነ 994 ደውለው ከመውጣታቸው በፊት ይጠይቁ፤ ከተሻገሩ በኋላ በአጭር ቁጥር ላይ መተማመን አይቻልም። በፍጹም የማያስፈልገው ሾፌር ካለ ጭራሽ ማዘጋት ከሁሉም ይበልጣል።

ሲመለሱ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፦ የጅቡቲው ሲም ክፍት ሆኖ አገር ቤት ከገባ ሮሚንግ ላይ ያለው እሱ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ያንን ሲም ማጥፋት ይበቃል፣ ማውጣት አያስፈልግም።

ገቢ ጥሪ ብቻ እንዳይቆጠር ለሚፈልግ በጂኤስኤም ደረጃ *351*የሚስጥር ቁጥር# የሚባል አለ፤ ሮሚንግ ላይ እያሉ ገቢ ጥሪን ያግዳል፣ #351*የሚስጥር ቁጥር# ደግሞ ያነሳዋል። ኔትወርኩ ካልፈቀደ «ስህተት» ብሎ ይመለሳል፣ ስለዚህ ገላን ላይ እያሉ ይሞከር። የሚስጥር ቁጥሩ የጥሪ ማገጃው የራሱ ቁጥር ነው እንጂ የሲሙ ፒን አይደለም፤ ደጋግሞ መገመት ይዘጋዋል።

አንድሮይድ ላይ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ የሚያወርደው ማብሪያ ሦስት ቦታ ነው ያለው፦ ለሞባይል ዳታ፣ ለዋይፋይ፣ ለሮሚንግ። ሮሚንግ የሚለውን ባዶ ማድረግ ነው። ሌሊት ወረፋ ላይ ስልኩ ቻርጅ እየተደረገ ፕሌይስቶር የሚያድሰው አፕና የጉግል ፎቶ ባክአፕም አሉ።

ደቡብ_መስመር

ሞያሌ ከጋላፊ ይለያል፣ ስለ እሱ ልናገር።

ሞያሌ ከተማዋ ራሷ ሁለት አገር ላይ ናት። መንገድ ማዶ ያለው ሱቅ መደወል በኢትዮጵያ ሲም ዓለም አቀፍ ጥሪ ነው፣ +254። ከሞያሌ ገላን መደወል ግን ያው የአገር ውስጥ ዋጋ ነው፤ በሞባይል ርቀቱ ለውጥ አያመጣም።

ሰዉን የሚያሳስተው ሳፋሪኮም ነው። በሁለቱም አገር ስሙ ያው ስለሆነ «አንድ ኩባንያ ነው፣ ሮሚንግ የለም» ይባላል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ፈቃድ ያገኘው በ2021፣ ሥራ የጀመረው በ2022 በፈረንጆቹ ነው፤ ኔትወርኩም ቁጥሩም ሌላ ነው፣ የኬንያው 639 02። የኬንያ፣ የኡጋንዳና የሩዋንዳ ሲሞች በፈረንጆቹ 2014 የጀመሩት የጋራ የሮሚንግ ቅናሽ አለ፤ የኢትዮጵያ ሲም በዚያ ውስጥ አይታሰብ። ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ከሲግናሉ ጎን «አር» የምትል ፊደል መኖሯን ይዩ። አይፎን ላይ ግን ፊደሏን አትጠብቁ፣ ኔትወርክ መምረጫው ውስጥ ገብቶ ማየት ነው።

ሁለተኛው የ07 ነገር ነው። የኬንያ ሞባይልም 07 ብሎ አሥር ዲጂት ነው፣ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያም 07 ብሎ አሥር ዲጂት። ሾፌሩ የኬንያ ኔትወርክ ላይ ሆኖ የአገር ቤቱን 07 ሲደውል የሚያነሳው አንድ ኬንያዊ ነው፣ የሮሚንግ ሂሳብም ይቆጠራል። ገላን ሆነሽ የኬንያውን አስተላላፊ በ07 ብትደውዪም እንዲሁ ሌላ ሰው ጋ ነው የምትገቢው። ስልክ ማውጫ ውስጥ ሁሉም ቁጥር ከነአገሩ ይመዝገብ፦ ዜሮው ይውጣና +2519…፣ +2517…፣ +2547…። አገር ውስጥም ሲደወል ያው ይሠራል፣ ጭማሪ አያስከፍልም።

ከማያውቁት የውጭ ቁጥር ሚስኮል ሲመጣ መልሶ አለመደወል ደግሞ ድንበር ላይ ሳይሆን የትም ነው። ሾፌሮች ግን ደላላ መስሏቸው ይደውላሉ።

ገላን_ማዞሪያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አንድም የቀረ የለም። ሾፌሮቹ ሰመራ ሲደርሱ እንዲደውሉልኝ አድርጌ አብረን እንመርጠዋለን። አንድ ያልጠየቅሁት፦ መኪኖቹ ላይ ያለው ጂፒኤስ ውስጥም ሲም አለ። እሱስ?

ትራከር_ገጣሚ

እሱን የሚያስታውሰው የለም እንጂ ከሾፌሩ ስልክ ይልቅ የሚበላው እሱ ሊሆን ይችላል። ማንም አያየውም፣ ማንም ፍላይት ሞድ አያስገባውም።

ትራከሩ በአንድ ጊዜ የሚልከው በጣም ትንሽ ዳታ ነው። የሮሚንግ ዳታ ግን ብዙ ጊዜ ወደላይ እየተጠጋጋ ስለሚቆጠር፣ መስመር ከፍቶ ዘግቶ እየደጋገመ የሚልክ መሣሪያ ጋላፊ ወረፋ ላይ ሲያድር ከላከው በላይ ይቆጠርበታል። ሲሙ ላይ ሮሚንግ ማዘጋት የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው መሣሪያው ራሱ ላይ ነው፦ እንደ ቴልቶኒካ ያሉት ለቤት ኔትወርክ፣ ለሮሚንግና ላልታወቀ ኔትወርክ የተለያየ የመላኪያ ጊዜ ማስገቢያ አላቸው፣ ለቆመ መኪናና ለሚሄድ መኪናም ለየብቻ። 63601 በኦፕሬተር ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ገጣሚሽን ጠይቂ፣ ለሮሚንግ የመላኪያውን ጊዜ ያራዝምልሽ። መሣሪያው ሳይልክ በቆየበት ጊዜም ቦታውን በማስታወሻው ይይዛል፣ አይጠፋም።

ሞተር ሲነሳ፣ በር ሲከፈት፣ ባትሪ ሲነቀል ወደ ስልክሽ የሚልካቸው የኤስኤምኤስ ማንቂያዎች ካሉ ለብቻቸው መታየት አለባቸው። እነሱ ከዳታው ጋር አብረው አይዘጉም፤ እያንዳንዷ የሮሚንግ መልእክት ናት። የባትሪውን ብቻ ትተሽ ሌላውን አስጠፊው።

መኪናው ተመልሶ የራሱን ኔትወርክ ሲያገኝ የተጠራቀመውን በአንዴ ያወርደዋል። ከድሮው እንዲጀምር ከተስተካከለ መኪናው ሰመራ ደርሶ ሳለ ካርታው ላይ ገና ጋላፊ ቆሞ ታዪዋለሽ፣ ሾፌሩንም በከንቱ ትጨቃጨቂዋለሽ። «አዲሱን አስቀድም» የሚል ምርጫ አለው፣ ወደ እሱ ይዙርልሽ።