ለ60 ሠራተኞች ቢሮ ስንት የስልክ ላይሰንስ ይበቃል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት ፎቅ ላይ የሚሠሩ 60 ሠራተኞች ያሉን ሲሆን አሮጌውን የአናሎግ ማዞሪያ በአይፒ ስልክ (በኮምፒውተር ኔትወርክ በሚሠራ ስልክ) ልንተካው አቅደናል። ከሠራተኞቹ 20 የሚሆኑት ከጠረጴዛ ስልካቸው ሌላ በሞባይላቸው ሶፍትፎን (እንደ ቢሮ ስልክ የሚሠራ መተግበሪያ) ይፈልጋሉ፤ የጥበቃ ቤት፣ የስብሰባ ክፍልና የፋክስ መስመርም አሉ። አቅራቢው የ100 ላይሰንስ (የሥርዓቱ መጠቀሚያ ፈቃድ) ዋጋ አቀረበልን፤ ቁጥሩን ከምን እንዳመጣው ግን አላብራራም። እንዴት እናስላው?

መልስ፣ የስልክ ሥርዓት ባለሙያ፦
አስቀድመው ላይሰንሱ የሚቆጥረው ሰውን ነው፣ መሣሪያን ነው ወይስ በአንድ ጊዜ የሚካሄድን ጥሪ ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ይህ ሳይታወቅ 100 የሚለው ቁጥር ትርጉም የለውም። ለምሳሌ ኮል ማኔጀር በተባለው የሲስኮ ኩባንያ የስልክ ሥርዓት፣ በቋሚ (አንዴ ተገዝቶ በሚቀር) ላይሰንስ አሠራር፣ ኤንሃንስድ የሚባለው ደረጃ ለአንድ ሰው አንድ መሣሪያ፣ ኤንሃንስድ ፕላስ ደግሞ ሁለት መሣሪያ ይፈቅዳል። ስለዚህ ለእናንተ 40 ኤንሃንስድና 20 ኤንሃንስድ ፕላስ ለሠራተኞቹ ይበቃል። አስተሪስክን የመሰለ ነፃ ሥርዓት በስልክ ቁጥር ልክ ክፍያ አይጠይቅም፤ የሚያስተዳድረው ሰው ግን በቅርብ መኖር አለበት። ላይሰንሱ በየዓመቱ በዶላር የሚታደስ ከሆነ ደግሞ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ የሚወሰን በመሆኑ፣ የብር በጀታችሁን በዛሬው ተመን ብቻ አትያዙ።

መልስ፣ የኔትወርክ መሐንዲስ፦
የውጭ መስመሩ ከላይሰንሱ ተለይቶ ይሰላል። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት እያንዳንዱ ሠራተኛ በአማካይ 6 ደቂቃ ከውጭ ጋር ይነጋገራል ብንል 360 ደቂቃ፣ ማለትም 6 ኧርላንግ ይሆናል (አንድ ኧርላንግ ሰዓቱን ሙሉ የተያዘ አንድ መስመር ነው)። ከመቶ ጥሪ ከአንድ በላይ መስመር እንዳያጣ ከተፈለገ ኧርላንግ ቢ በተባለው የመስመር ብዛት ማስያ ቀመር 13 መስመር ያስፈልጋል። ኢ1 የተባለው ዲጂታል የስልክ መስመር አንዱ ብቻ 30 የድምፅ መስመር ስለሚይዝ ለእናንተ ከበቂ በላይ ነው። የውጭ መስመሩ በኤስአይፒ (ጥሪን በዳታ ኔትወርክ በሚያስተላልፍ አሠራር) ከሆነ፣ ጂ.711 በተባለው የድምፅ መቀየሪያ ስልት አንድ ጥሪ በኢተርኔት ላይ በየአቅጣጫው 87 ኪሎቢት በሰከንድ ገደማ ስለሚወስድ፣ 13ቱ በአንድነት ከ1.1 ሜጋቢት ትንሽ ይበልጣሉ። የ6 ደቂቃውን ግምት ግን ከአሮጌው ማዞሪያ የጥሪ መዝገብ አውጥታችሁ አረጋግጡት።

መልስ፣ ሌላ አባል፦
ስልኮቹን ከኔትወርኩ የሚያገናኘውንና በዚያው ገመድ ኤሌክትሪክ የሚሰጣቸውን ስዊችም አትርሱ። 24 ፖርት ያለው ስዊች ሁሉንም ፖርት በሙሉ ኃይል ይመግባል ማለት አይደለም፤ 802.3ኤኤፍ በተባለው በኔትወርክ ገመድ ኃይል የመስጫ ደረጃ ለአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ስለሚመደብ ለ24ቱ 370 ዋት ያህል ይጠይቃል። መብራት ሲጠፋ ስልኩ እንዳይቋረጥ ከተፈለገ በሁለቱም ፎቅ ያሉት ስዊቾች ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚመግብ መሣሪያ) ጋር መገናኘት አለባቸው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጥበቃ ቤቱና የስብሰባ ክፍሉ ስልኮች የማንም ሠራተኛ አይደሉም፤ እነሱስ ላይሰንስ ይፈልጋሉ?

መልስ፣ የስልክ ሥርዓት ባለሙያ፦
አዎ፣ ባለቤት ባይኖራቸውም እንደ መሣሪያ ይቆጠራሉ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ኤንሃንስድ ይያዙ። ለፋክሱ ኤሴንሻል የሚባለው ዝቅተኛው ደረጃ ስለሚበቃ ጠቅላላው 63 ላይሰንስ ነው። አቅራቢው የቀሩትን 37 ለማን እንዳሰባቸው ዝርዝሩን እንዲያቀርብ ይጠይቁት።