ሱባሩ ኢምፕሬዛ ላይ ረዳት የነዳጅ ፓምፕ ስለ መግጠም

ባለ ኢምፕሬዛ፣ ካዛንቺስ

ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው የ2005 ሞዴል ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ኤስ ቲ አይ ነው። ሞተሩ ባለ 2.5 ሊትር ሲሆን፣ ቱርቦውም ኢንጀክተሮቹም በትላልቅ ተቀይረው የቱርቦው ግፊት 1.3 ባር ደርሷል። የነዳጅ ፓምፑ ግን ከፋብሪካ የመጣበት ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሦስተኛ ማርሽ ስወጣ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ከረገጥኩት የሞተሩ ዙር 5,000 ገደማ ላይ ጉልበቱ ይቆረጣል፤ የአየርና የነዳጅ ምጣኔ መለኪያውም ከ11.2 ተነሥቶ ወደ 12.8 ይወጣል፤ ማለትም ከአየሩ አንጻር ነዳጁ ያንሳል።

አንድ ዘመዴ ከውጭ አገር የላከልኝ ረዳት ፓምፕ ከነሙሉ ዕቃው በእጄ ይገኛል፦ ከታንኩ ውጭ የሚታሰር ፓምፕ፣ ሪሌ (በትንሽ ኃይል ተቀስቅሶ ትልቁን የሚያገናኝ የኤሌክትሪክ ማብሪያ)፣ በቱርቦ ግፊት የሚሠራ ማብሪያ፣ ቱቦና ማጥበቂያዎች። ፓምፑን የት ልሰረው? ከዋናው ፓምፕ ቀጥሎ በአንድ መስመር ይሁን ወይስ ጎን ለጎን? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለ ተከለከለ፣ ይህ መኪና ቢበላሽብኝ በሌላ ልተካው አልችልም፤ ስለዚህ ሥራውን በጥንቃቄ መጀመር እፈልጋለሁ።

ሜካኒክ፣ ተክለ ሃይማኖት

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድመው ያንን መኪና በሙሉ ጉልበት መንዳትዎን ያቁሙ። በቱርቦ ግፊት ውስጥ ነዳጅ ሲያንስ የሲሊንደሩ ሙቀት ይጨምራል፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ የዚህ ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ፒስተን ደግሞ ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) በሚቀመጡበት ጠርዝ ላይ ቶሎ በመሰንጠቅ ይታወቃል።

ቀጥሎ፣ የምጣኔ መለኪያው ነዳጅ ማነሱን ይነግርዎታል እንጂ ያነሰው በፓምፑ ምክንያት መሆኑን አይነግርዎትም። የነዳጅ ግፊት መለኪያ ይግጠሙ። በዚህ መኪና የግፊት መቆጣጠሪያው በማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያስገባው ቱቦ) ካለው ግፊት 3 ባር ያህል በላይ እንዲጠብቅ ተደርጎ ስለ ተሠራ፣ ቱርቦው 1.3 ሲሰጥ መለኪያው 4.3 ማሳየት አለበት። ግፊቱ 4.3 ላይ ጸንቶ እያለ ምጣኔው ከተበላሸ፣ ችግሩ የአየር መጠን ከሚለካው ሴንሰር፣ ከኢንጀክተሮቹ ወይም ከኮምፒውተሩ ፕሮግራም ነውና አሥር ፓምፕ ቢጨምሩ አያድንዎትም። ዙሩ ሲጨምር ግፊቱ እየወረደ ከሄደ ግን የነዳጅ አቅርቦቱ እንዳነሰ ያረጋግጣሉ።

አቅርቦቱ አንሶ ቢገኝ እንኳ ሁለተኛ ፓምፕ የሚያስፈልግዎ አይመስለኝም። የቱርቦ ቤንዚን ሞተር በሙሉ ጭነት ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.27 ኪሎ ግራም ገደማ ነዳጅ ይፈጃል። ሞተርዎ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል ብንል፣ የሚያስፈልገው በሰዓት 95 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 128 ሊትር አካባቢ ነው። በሰዓት 255 ሊትር ተብሎ የሚሸጠው በታንክ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ፣ ግፊቱ ሲጨምር የሚሰጠው መጠን እንደሚቀንስ ብናስብም፣ ይህን ብቻውን ይሸፍናል። ሁለት ፓምፕ ማለት ሁለት ሪሌ፣ ሁለት እጥፍ መጋጠሚያና ሁለት እጥፍ የማፍሰስ ዕድል ነው።

የኋላውን መቀመጫ አንሥተው ፓምፑን ሲያወጡ ከሥሩ ያለችውን ወንፊት ይመልከቱ። ነዳጅ በጠፋባቸው ጊዜያት በጄሪካን የተገዛ ቤንዚን የጠጡ መኪናዎች ላይ ይህች ወንፊት ቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ዝቃጭ ለብሳ አግኝቻታለሁ፤ እንዲህ የታፈነ ፓምፕ አዲስም ቢሆን አይሠራም።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን፣ ለገሃር

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ነገር ግን ፓምፑን ከማውጣትዎ በፊት በራሱ በፓምፑ ሶኬት ላይ ቮልቴጁን ይለኩ። የፓምፕ አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት የፍሰት መጠን በ13.5 ቮልት የተለካ ነው። ወደ 11 ቮልት ከወረደ ፓምፑ ፍጥነቱን ያጣል፣ ፍሰቱም በጣም ይቀንሳል። በእርስዎ ሞዴል ላይ የፓምፑን ኃይል በሦስት ደረጃ የሚመጥን መቆጣጠሪያ ስላለ፣ መኪናው ቆሞ በዝግታ ሲሠራ የሚለካው ቮልቴጅ አያመለክትም፤ በሙሉ ጭነት ጊዜ ያለውን ማወቅ ይገባል። ረጅም ገመድ ወደ ጋቢና ስበው ሌላ ሰው ንባቡን እየተከታተለ ይንዱ።

ቮልቴጁ ወርዶ ካገኙት፣ ከባትሪው በቀጥታ በፊውዝና በሪሌ በኩል አዲስ መስመር ይዘርጉ። ገመዱን በግምት አይምረጡ። 15 አምፔር በ5 ሜትር የመዳብ ገመድ ሲያልፍ፣ ገመዱ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ 1.3 ቮልት ገደማ በመንገድ ላይ ይቀራል፤ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን የሚጠፋው 0.3 ቮልት ያህል ብቻ ነው። ፊውዙ ለባትሪው ቅርብ ይሁን። በሪሌው ላይ 30 ቁጥር ከባትሪ በፊውዝ የሚመጣውን ይቀበላል፣ 87 ቁጥር ወደ ፓምፑ ይሄዳል፣ 85 ማሳ (ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰር ኔጌቲቭ) ይሆናል፤ 86 ቁጥርን ሪሌውን እንዲቀሰቅስ ከቀድሞው የፓምፕ መስመር ያገናኙት። ይህ የመቀስቀሻ መስመር ግን ከኃይል መቆጣጠሪያው በፊት ያለው መሆን አለበት፤ ከመቆጣጠሪያው በኋላ የሚገኘው እየተቆራረጠ ስለሚመጣ ሪሌውን ያንቀጠቅጠዋል። የፓምፑ ማሳም በንጹሕ ብረት ላይ ይታሰር፤ ቀለም በተቀባ ቦታ ላይ የታሰረ ማሳ ያን ሁሉ ድካም ከንቱ ያደርገዋል።

ከቁልፉ በቀጥታ ወስደው ፓምፑን የሚያስነሡ ባለሙያዎች አሉ፤ እባክዎ ይህን አይፍቀዱ። በግጭት ምክንያት ሞተሩ ሲጠፋ የመኪናው ኮምፒውተር ፓምፑን ያቆማል። ከቁልፉ የተቀጠለ ፓምፕ ግን በተቀደደ ቱቦ በኩል ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል፤ በውስጡም ሰው አለ።

ነዋሪነቱ ፒያሳ

ዕቃው በእጅዎ ስላለ ወደፊት መግጠምዎ አይቀር ይሆናልና ስለ ቦታው ልመልስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 0.77 ባር ያህል ነው፤ ውኃ በ92 ዲግሪ እንደሚፈላ ሁሉ ቤንዚንም ከቆላው ቀድሞ ይተናል። ከውጭ የሚታሰር ፓምፕ ነዳጅን ለመግፋት እንጂ ለመሳብ የተሠራ አይደለም፤ ከፍ ካለ ቦታ ወይም ከታንኩ ርቆ ከታሰረ በመግቢያው ላይ የሚፈጥረው መሳብ ነዳጁን ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል፣ ፓምፑም እየጮኸ ይደርቃል። ስለዚህ ከታንኩ ሥር ወይም አጠገቡ፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ፣ ግን ድንጋይ ከማይደርስበት ከፍታ ይታሰር።

በአንድ መስመር ተከታትለው የሚታሰሩ ከሆነ ሁለተኛው ፓምፕ በጠፋበት ጊዜ የመጀመሪያውን ስለሚያግድ፣ ነዳጁ በጎን የሚያልፍበት አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስተላልፍ ቫልቭ ያስፈልገዋል። ጎን ለጎን ከሆኑ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው እንዲህ ያለ ቫልቭ ይግባ፤ አለዚያ አንዱ የገፋውን በሌላው በኩል ወደ ታንኩ ይመልሰዋል። በግፊት የሚሠራው ማብሪያ የተጨመረው ሁለቱ ፓምፖች በዝግታ ጊዜ አብረው ሲሠሩ የተረፈውን ነዳጅ መቆጣጠሪያው መልሶ መጨረስ ስለሚያቅተው ነው። ማብሪያው በ86 ቁጥር መስመር ላይ ይግባ፤ እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ካልፈቀደ የቱርቦ ግፊት ብቻውን ፓምፑን አያስነሣም።

ሥራውን በጋራ ግቢ ውስጥ አይሥሩት። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ጎረቤት ለቡና ያቀጣጠለችው ከሰል ራቅ ብሎ ቢገኝም ይደርስበታል። ታንኩ ከሩብ በታች ሲሆን፣ የፓምፑን ፊውዝ ነቅለው ሞተሩ እስኪጠፋ በማሠራት መስመሩን ካራገፉ በኋላ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተው ይጀምሩ።

ባለ ኢምፕሬዛ፣ ካዛንቺስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሙሉ ጭነት የነዳጁ ግፊት ወደ 3.7 ባር ሲወርድ፣ በፓምፑ ሶኬት ላይ ያለው 10.9 ቮልት ሆኖ ተገኘ። በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ አዲስ መስመር ከተዘረጋ በኋላ ቮልቴጁ 13.3፣ ግፊቱም 4.1 ደርሷል፤ ምጣኔው ከ11.6 በላይ አይወጣም። የቀረችው 0.2 ባር ግን ስላልተዋጠችልኝ ረዳቱን ፓምፕ አስቀምጬ በታንክ ውስጥ የሚገባውን ባለ 255 ሊትር ለማስመጣት ወስኛለሁ። እስከዚያ የቱርቦውን ግፊት ወደ 1.0 አስቀንሻለሁ። ፓምፑ ሲመጣ የማገናኛ ቱቦውን ከዚሁ ገበያ መግዛት ይቻላል?

ሜካኒክ፣ ተክለ ሃይማኖት

መግዛት ይቻላል፤ ሆኖም በቱቦው ላይ የታተመውን አንብበው ይግዙ። በነዳጅ ውስጥ ተዘፍቆ የሚኖር ቱቦ «ጄ 30 አር 10» የሚል ምልክት ሊኖረው ይገባል። ሌላው፣ «ጄ 30 አር 9» የሚለው እንኳ ለኢንጀክሽን የሚሆን ጥሩ ቱቦ ቢሆንም፣ የተሠራው ከታንክ ውጭ ለመዋል ስለሆነ የውጪው ሽፋኑ በቤንዚን ውስጥ ሲቆይ ያብጣል፣ ይላላል። የመኪናዎ ታንክ በካርዳኑ (ኃይልን ወደ ኋላ ጎማዎች በሚያደርሰው ዘንግ) ምክንያት ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ፣ በግራ በኩል ያለውን ነዳጅ ወደ ፓምፑ የሚያሻግረው ከሞተር ተመላሹ ነዳጅ ነው፤ ተመላሹን ቱቦ ወደ ቀድሞ ቦታው በትክክል ይመልሱ፣ አለዚያ መለኪያው ነዳጅ አለ እያለ ሞተሩ ይጠፋብዎታል።