ባሌ በፈረስ፦ ድንኳኑን የት እንትከል?

ጥር ላይ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ባሌ ተራሮችን በፈረስ ልንዞር ነው። ትልቋ 14፣ ትንሹ 10 ዓመቱ ነው። ፈረስ ላይ መቀመጥ ይችላሉ፤ ቀኑን ሙሉ ግን አይችሉም። ድንኳንና ወፍራም የመኝታ ከረጢት አለን። ፈረሶቹን ዲንሾ ላይ እንከራያለን።

የከበደን የማደሪያው ነገር ነው። እኛ አንድ ቦታ ሰፍረን ጠዋት እየወጣን ማታ መመለስ ነው የፈለግነው። የደወልንላቸው አስጎብኚዎች ግን በየቀኑ ድንኳን ነቅሎ መሄድን ነው የለመዱት። አንዱ ዲንሾ፣ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ጋ እደሩ አለን። ደን አለ፣ ኒያላ ደጃፍ ድረስ ይመጣል፣ ከፍታው 3,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርዱም ይሻላል። ሌላው ሶዶታ አለ፤ ዌብ ሸለቆ ውስጥ። ቀይ ቀበሮ ለማየት ቦታው እሱ ነው። ሜዳውም ገላጣ ነው (ፍልፈል የቦረቦረው መሬት ላይ መጋለብ ባይታሰብም)። ግን ወደ 3,500 ሜትር ይጠጋል፣ የጥር ሌሊት ደግሞ ውርጭ ይጥላል። ከሁለቱም ከፍ የሚለውን የሳነቴ አምባ ለልጆቹ ስንል ከወዲሁ ሰርዘነዋል።

በበጋ ሶዶታ ከልጆችና ከፈረሶች ጋር ያደራችሁ፣ ለሦስት ሌሊት የሚሆን ውኃና ግጦሽ እዚያው ይገኛል ወይስ ዲንሾ ሰፍረን ሸለቆውን ለአንድ ቀን ብቻ ብናየው ይሻላል?