ምዕራብ ላይ የምትታየው ደማቅ ብርሃን፦ «ቬነስ ናት» ብሎ መዝጋት ይበቃል?

ጠያቂ፦
ሰሞኑን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ምዕራብ ላይ ከኮከብ ሁሉ የሚደምቅ ነጭ ብርሃን አያለሁ። ከቦታው ንቅንቅ የሚል አይመስልም፤ ወደ አድማስ ሲወርድ ግን ቀይና አረንጓዴ ይቀላቅላል። መኪና ውስጥ ሆኜ ሳየው አብሮኝ ይሄዳል። በስልኬ አቅርቤ ሳነሣው የሚርገበገብ ክብ ነገር ሆኖ ወጣ። ትናንት ደግሞ ሌላ ብርሃን ከምዕራብ ተነሥቶ ያለ ድምፅ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ቆየና፣ ሰማዩ ሳይደምን አናቴ ላይ ሲደርስ እልም አለ። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ቬነስ ናት፣ ተኛ» ይለኛል። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ቃሉ ይመርመርለት ወይስ «ቬነስ ናት» ተብሎ ይዘጋ? እስቲ ተከራከሩበት።

ሰማይ ቆጣሪ፦
የመጀመሪያዋ ፕላኔቷ ቬነስ ናት፤ ስለ ሁለተኛው ሌላ ሰው ያውራ። ከፀሐይና ከጨረቃ ቀጥሎ በየጊዜው ከምናያቸው የሰማይ አካላት እሷን የሚያህል ደማቅ የለም። እጅግ በደመቀችበት ወቅት፣ ከኮከቦች አንደኛ ከሆነው ከሲሪየስ 20 እጥፍ ያህል ታበራለች። ምህዋሯ ከምድር ምህዋር ውስጥ ስለሆነ ከፀሐይ ከ48 ዲግሪ በላይ አትርቅም፤ ስለዚህ ወይ ሲመሽ ምዕራብ ላይ ወይ ሊነጋጋ ሲል ምሥራቅ ላይ ናት። የአጥቢያ ኮከብ የምንላትም እሷው ናት። ቀለሟ የሚቀያየረው አድማስ አጠገብ ስትሆን ብርሃኗ ብዙ አየር፣ ያውም የሚናወጥ አየር፣ አቋርጦ ስለሚደርስ ነው። መኪናህን የምትከተልህ ስለራቀች ነው፤ ዛፉና ቤቱ ወደ ኋላ ሲሮጥ እሷ በነበረችበት አቅጣጫ ትቀራለች። የስልኩ ክብ ደግሞ ፎከስ ያጣ ነጥብ ነው፤ የሚርገበገበውም አየሩ ነው። በቃ፣ ጉዳዩ ተዘጋ።

ተሟጋች፦
«ተዘጋ» የምትለዋ ቃል ናት የምታናድደኝ። በስንት ሰዓት እንዳየ እንኳ ሳትጠይቀው ፈረድክበት። ቬነስ በአብዛኛው ቦታ ፀሐይ ከጠለቀች ቢበዛ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ያህል ብትቆይ ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ አይቶት ቢሆንስ? ሌላው ደማቅ ፕላኔት ጁፒተር ቢሆንስ? ለጠፋው ዕቃ ሁሉ አይጥን መክሰስ ምርመራ አይደለም።

ጂሚ ካርተርን አስታውስ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ሊየሪ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር ሆኖ ቀለሙ የሚቀያየር ደማቅ ብርሃን ሰማይ ላይ አየ። ሰውዬው የባሕር ኃይል መኮንን የነበረ ነው፤ ኮከብ አይቶ የሚደናገጥ ዓይነት አይደለም። እሱንም «ቬነስ ናት» አሉት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን፣ በዚያ ምሽት ከፍሎሪዳ የተተኮሰ የምርምር ሮኬት የለቀቀው፣ ባሪየም የሚባል ብረት ትነት ደመና ነበር የሚል ሌላ ማብራሪያ መጣ። የአሜሪካ አየር ኃይል ከ1952 እስከ 1969 ሰማይ ላይ የታዩ እንግዳ ነገሮችን በመረመረበት ፕሮጀክት ብሉ ቡክም ከ12,618 ሪፖርቶች ውስጥ 701 ምንነታቸው ሳይታወቅ ቀርቷል። እነዚህንስ የት ታደርሳቸዋለህ?

ሰማይ ቆጣሪ፦
ካርተርን ባታነሣው ይሻልህ ነበር። ሪፖርቱን የጻፈው ካየ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1973 ነው፤ ወሩንም ኦክቶበር አለ። ሲጣራ ግን ብርሃኑን ያየበት ዝግጅት የነበረው በጃንዋሪ ሆኖ ተገኘ። የባሕር ኃይል መኮንን የነበረ ሰው ወሩን ከሳተ፣ እኔና አንተ የብርሃኑን መጠንና ርቀት ምን ያህል አጥርተን እናስታውሳለን? እሱ ራሱም ከሌላ ዓለም የመጣ ነገር ነው ብሎ እንደማያምን ተናግሯል። ቬነስም ሆነች የባሪየም ደመና፣ ሁለቱም እዚሁ የምናውቃቸው ናቸው።

701ዱ «አልታወቁም» ማለት መረጃው አልበቃም ማለት ነው። ናሳ ያቋቋመው ገለልተኛ ቡድን በ2023 ባወጣው ሪፖርት ያለው ይህንኑ ነው፤ ከምድር ውጭ የመጣ ነገር ለመኖሩ ማስረጃ አላገኘም፣ ትልቁ ችግር ደካማ መረጃ ነው።

ተሟጋች፦
እኔ መች ከሌላ ዓለም መጣ አልኩ? ያላልኩትን አታስብለኝ። መረጃ ካነሰ መልሱ «አናውቅም፣ እንጠይቅ» እንጂ «ተዘጋ» አይደለም። በዲሴምበር 2009 ሰሜን ኖርዌይ ውስጥ ብዙ ሕዝብ ሰማይ ላይ የሚሽከረከር ግዙፍ ነጭ ጠመዝማዛ አየ። ሰው የሚያወራው ተረት ይመስል ነበር። የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር ግን ከባሕር ሰርጓጅ የተተኮሰ ቡላቫ ሚሳኤል መክሸፉን አመነ። ሕዝቡ ያየውን ነበር የተናገረው።

የማታ ፈረቃ፦
ሁለታችሁም የመጀመሪያዋን ብርሃን ይዛችሁ ትጓተታላችሁ፤ ለኔ ቁም ነገሩ ሁለተኛው ነው። ከምዕራብ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ፣ ድምፅ የሌለው፣ ብልጭ ድርግም የማይል፣ አናት ላይ ሲደርስ የሚጠፋ ሳተላይት ነው። ጠፋ ያልከው ወደ ምድር ጥላ ስለገባ ነው፤ ከታች ላለነው መሽቷል፣ እዚያ ከፍታ ላይ ግን ፀሐይ ገና ነበረች። በጣም ደማቅ ከነበረ የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሳይሆን አይቀርም፤ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ በ90 ደቂቃ ምድርን ይዞራል። የሚያልፍበትን ደቂቃ አስቀድመው የሚነግሩ መተግበሪያዎች አሉ፤ የትናንቱንም ወደ ኋላ ተመልሰህ ማየት ትችላለህ።

አሁን ወደ ክርክሩ። ምንነቱ ታወቀ ማለት ጥያቄው አለቀ ማለት አይደለም። በሜይ 2019 የአሜሪካው የሮኬት ኩባንያ ስፔስኤክስ ስታርሊንክ የሚባሉትን የመጀመሪያዎቹን 60 የኢንተርኔት ሳተላይቶች በአንድ ጊዜ ሲያመጥቅ፣ በሰልፍ ሲያልፉ ያየ ሰው ዓለም ሊያልፍ ነው ብሎ ነበር። ዛሬ በሺዎች ናቸው። በ2022 የመጠቀው ብሉዎከር 3 የሚባለው የሙከራ የስልክ ሳተላይት ደግሞ 64 ካሬ ሜትር አንቴና ዘርግቶ፣ አንዳንዴ ከደማቆቹ ኮከቦች ጋር ተፎካከረ። ማን ፈቀደ? የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት ጠፈርን የትኛውም አገር የራሱ ማድረግ አይችልም ይላል፤ አንድ ሳተላይት ምን ያህል ይድመቅ ስለሚለው ግን ምንም አይልም። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ሳተላይቶች በዓይን እንዳይታዩ ይደብዝዙ ብሎ ይመክራል፤ የሚያስገድድበት ሕግ ግን የለውም።

ኔትወርክ ያጣው፦
እህቴ፣ የሰማይ ውበት ይቆየኝ። መንገድና ሽቦ በማይደርስበት ቦታ፣ አደጋ ደርሶበት ስልክ መደወል ላልቻለ ሰው ያ የሚያልፈው ነጥብ ሕይወት ነው። ኮከብ ለማየት ብለን ሰው ከዓለም ተቆርጦ ይቅር?

የማታ ፈረቃ፦
ይቅር አላልኩም። ይደብዝዝ አልኩ። ጥቁር ቀለም መቀባትም ሆነ አቅጣጫን አዙሮ ነጸብራቁን ከምድር ማራቅ ይቻላል፤ ስፔስኤክስ ራሱ ሞክሮታል፣ ድምቀቱም ቀንሷል። የሚሠራ ነገር ከሆነ ለምን በኩባንያው በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ይንጠልጠል?

ኔትወርክ ያጣው፦
እሱ ላይ ብዙም አልጣላሽም። ክፍያው እኔ ላይ እንዳይመጣ ብቻ።

የሜዳ ልጅ፦
ከክርክሩ በፊት ይለካ ጎበዝ። ጠያቂ፣ ነገ ማታ አንድ ቦታ ቁምና ብርሃኑን ከማይነቃነቅ ነገር፣ ከግንብ ጠርዝ ወይም ከምሰሶ፣ ጋር አስተያይ። ጨለማ ውስጥ ብቻውን ያለ ብርሃን ላይ ዓይንህን ብትተክል ሳይንቀሳቀስ የሚንቀሳቀስ ይመስልሃል፤ ሁምቦልት የሚያህል ተመራማሪ እንኳ ኮከብ ሲወዛወዝ አየሁ ብሎ ጽፏል። እጅህን ዘርግተህ ብትጨብጥ አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ድሮን ይህን ሕግ አይጠብቅም። ወደ አንተ የሚመጣ አውሮፕላንም መብራቱን አብርቶ ለደቂቃዎች የቆመ ሊመስል ይችላል፤ ዞር ሲል ግን የግራ ክንፉ ቀይ፣ የቀኙ አረንጓዴ ይታይሃል።

ጠያቂ፦
ለካሁ። ከምሽቱ 1፡30 ላይ ከአድማስ ሁለት ጭብጥ ከፍ ብሎ ነበር፤ 2፡10 ላይ አንድ ጭብጥ ቀረው፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጠለቀ። መተግበሪያውም ትናንት በዚያው ደቂቃ የጠፈር ጣቢያው ማለፉን ያሳያል።

ሰማይ ቆጣሪ፦
አርባ ደቂቃ፣ 10 ዲግሪ። ከሰማዩ ጋር እኩል ይዞራል። ምን ቀረ?

ተሟጋች፦
ጁፒተርም ከሰማዩ ጋር እኩል ይዞራል፤ እሱ ቀረ። ባይኖኩላር ያለው ሰው ፈልግ ጠያቂ፣ ፀሐይዋ ጨርሳ ከጠለቀች በኋላ ብቻ አንሣው፣ ክርንህን ግድግዳ ላይ ደገፍ አድርግ። ጋሊልዮ በ1610 ያያቸውን አራት ጨረቃዎች በአንድ መስመር እንደ ነጥብ ካየህ ጁፒተር ነው፤ አንዳንዶቹ ሊደበቁ ስለሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት ብታገኝም ይበቃል። ቬነስ ወደ ምድር ተጠግታ ከሆነ ደግሞ ማጭድ የመሰለች ትንሽ ጨረቃ ታያለህ፤ ርቃ ከሆነ ግን ነጥብ ብቻ ትሆንብሃለች፣ ያኔ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል።

ጠያቂ፦
የጎረቤቴ ልጅ ባይኖኩላር አለው። ዛሬ ደመና ነው፤ ነገ አሳውቃችኋለሁ።